ዐሥራ አራተኛውን ማሻሻያ ለክፍል ጓደኞች ማስተማር፦ ለአንዲት ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሜሪላንድ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የታሪክ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዕጣ ሰጥተውን፣ አጥንተን ለክፍሉ በ20 ደቂቃ እንድናስተምር አዘዋል። ለእኔ የደረሰኝ 14ኛው ነው። በእንግሊዝኛ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ምን እንደሚል ለሰው ማስረዳት ግን አቃተኝ። ጥናቱን ከየት ልጀምር? ክፍሉ ሳይሰለችስ እንዴት ላስተምር?»

ውድ ጠያቂ፣ ከ27ቱ ማሻሻያዎች ረጅሙና ብዙ ክርክር ያስነሣው ለአንቺ ደርሷል፤ ስለዚህ ቢከብድሽ አይግረምሽ። ጽሑፉ አምስት ክፍሎች አሉት፤ በ20 ደቂቃ አምስቱንም አስተምራለሁ ካልሽ ግን አንዱንም አታስተምሪም። ሁለተኛው ክፍል ስቴቶች በኮንግረስ የሚኖራቸው የተወካዮች ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ፣ ሦስተኛው በዐመፅ የተሳተፉ ባለሥልጣናት ዳግም እንዳይሾሙ፣ አራተኛው የእርስ በርስ ጦርነቱ ዕዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ አምስተኛው ደግሞ ኮንግረስ ማሻሻያውን በሕግ የማስፈጸም ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋሉ። እነዚህን አራቱን በአንድ ትንፋሽ ጥቀሻቸውና እለፊያቸው። ጊዜሽን በሙሉ ለመጀመሪያው ክፍል አውዪው። እኔ ራሴ ሕገ መንግሥት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ምንም እንዳይቀርብኝ ብዬ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ ሳነብ ውዬ፣ ቀና ስል የኋላው ረድፍ ግማሹ አንቀላፍቶ አግኝቼዋለሁ። በተማሪዎቹ አልፈረድኩም።

የመጀመሪያውን ክፍል በአማርኛ ልመልስልሽ፤ በክፍል ውስጥ የምትጠቀሚበት እንግሊዝኛውን እንደሆነ ባውቅም፣ በቋንቋሽ ያልገባሽን ነገር በሌላ ቋንቋ ልታስረጂ አትችዪምና። «በዩናይትድ ስቴትስ የተወለዱ ወይም ዜግነቷን በሕግ ያገኙ፣ ለሥልጣኗም ተገዥ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የዩናይትድ ስቴትስና የሚኖሩበት ስቴት ዜጎች ናቸው። ማንኛውም ስቴት የዩናይትድ ስቴትስን ዜጎች መብትና ከለላ የሚያጠብ ሕግ አያወጣም፣ አያስፈጽምም፤ ማንኛውንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያሳጣም፤ በሥልጣኑ ሥር ላለ ለማንኛውም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ አይነፍግም።»

አሁን እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል አትሚና ሁለት ባለቀለም እርሳስ ያዢ። «ሰው» የሚለውን ቃል በአንዱ ቀለም፣ «ዜጋ» የሚለውን በሌላው አክብቢ። ሦስት «ሰው» እና ሁለት «ዜጋ» ታገኛለሽ። የትምህርትሽ ፍሬ ነገር በእነዚህ አምስት ክቦች ውስጥ ያለ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰው እንዴት ዜጋ እንደሚሆን ይናገራል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በዜጎች መብት ይጀምርና መሐል ላይ ቃሉን ይለውጣል፤ ስለ ሕይወት፣ ስለ ነጻነት፣ ስለ ንብረትና ስለ እኩል ጥበቃ ሲናገር «ዜጋ» አይልም፣ «ማንኛውም ሰው» ይላል። ይህ ልዩነት በስሕተት የገባ አይደለም። የክፍል ጓደኞችሽ ሌላውን ሁሉ ቢረሱና ይህን ብቻ ይዘው ቢወጡ፣ በእኔ ሚዛን ሥራሽን በሚገባ ሠርተሻል።

ከአማርኛ ተነሥቶ ለሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ስቴት» የሚለው ቃል ነው። «መንግሥት» ብለሽ ከተረጎምሽው ትርጉሙ ይበላሻል፤ የታሰበው እንደ ሜሪላንድና እንደ ቴክሳስ ያለው ነውና፣ ወደ አገራችን አነጋገር ከመጣ «ክልላዊ መንግሥት» ለሚለው ይቀርባል። ከ14ኛው ማሻሻያ በፊት የመብቶች ድንጋጌ የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ማሻሻያዎች የሚያስሩት ማዕከላዊውን መንግሥት ብቻ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1833 ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል። 14ኛው ግን ጣቱን በቀጥታ ወደ ስቴቶቹ ይቀስራል። ጎረቤት ጎረቤቱን ቢያገልል ወይም አንድ ባለሱቅ ደንበኛ ቢመልስ ይህ አንቀጽ በራሱ አይመለከተውም፤ ለዚያ ሌሎች ሕጎች አሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ «ማሻሻያ» የሚለው ቃላችን ነው። ስንሰማው አሮጌው ቃል ተፍቆ አዲስ የተጻፈበት ይመስለናል። አሜሪካኖች ግን አሮጌውን አይነኩትም፤ አዲሱን ከመጨረሻው ላይ ይቀጥሉታል። ስለዚህ ባሪያዎች በሕዝብ ቆጠራ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው እንዲቆጠሩ ያዘዘው ዐረፍተ ነገር፣ 14ኛው ማሻሻያ ከሻረው ከ150 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ለክፍሉ የዚያን አንቀጽና የ14ኛውን ገጾች ጎን ለጎን ብታሳዪ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይናገራሉ።

ለምን ተጻፈ የሚለውን በሁለት ደቂቃ ተናግረሽ ልትጨርሺ ትችያለሽ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድሬድ ስኮት የተባለ በባርነት የነበረ ሰው፣ ባርነት በተከለከለበት ግዛት ስለኖርኩ ነጻ ነኝ ብሎ ከሰሰ። በመጋቢት 1857 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ፣ ስማቸው ሲነበብ «ቶኒ» መሆኑን ልብ በዪ፣ ከባሪያዎች የተወለደ ጥቁር ሰው ነጻ ቢወጣ እንኳ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የለውም ብለው ወሰኑ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1865፣ 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን አስቀረ፤ ነጻ የወጣው ሰው ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ኮንግረስ በሚያዝያ 1866 የፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ተቃውሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮ ዜግነትን የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ ተራ ሕግ በሌላ ተራ ሕግ ሊሻር ስለሚችል፣ ጉዳዩን የነገ ኮንግረስ እጅ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ አስፈለገ፤ ያ ቦታ ሕገ መንግሥቱ ነበር።

ስለ ጥናቱ አካሄድ ጠይቀሻል። ብዙ ተማሪ በበይነ መረብ ያገኘውን አጭር መግለጫ ገልብጦ ይቆማል። አንቺ ግን ከዋናው ምንጭ ጀምሪ፤ የሚመስለውን ያህል አያስፈራም። የማሻሻያው ጽሑፍ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። በኮንግረስ የተደረገው ክርክር ቃል በቃል ተመዝግቦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አቅርቦታል፤ ይኸው ቤተ መጻሕፍት አንቀጽ በአንቀጽ የተብራራ የሕገ መንግሥት ሐተታም አለው። ከክርክሩ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ አንብቢ፦ ግንቦት 30 ቀን 1866። በዚያ ቀን የሚሺጋኑ ሴናተር ጄከብ ሃዋርድ የዜግነቱን ዓረፍተ ነገር አቀረቡ። የፔንሲልቬንያው ኤድጋር ካወን ተነሥተው፣ በካሊፎርኒያ የሚወለድ የቻይናዊ ልጅም ዜጋ ሊሆን ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የካሊፎርኒያው ጆን ኮነስ፣ ራሳቸው በአየርላንድ ተወልደው የመጡ ሰው፣ አዎን፣ ይሆናል ብለው መለሱ። ይህን ልውውጥ ራስሽ ከዋናው መዝገብ ላይ ስታገኚው የሚሰማሽ ደስታ ሌላ ነው፤ ለክፍሉም ሁለት ልጆች እንደ ካወንና እንደ ኮነስ ሆነው እንዲያነቡት ማድረግ ይቻላል።

ስለ አጸዳደቁ አትዘግዪ፤ አንድ ነገር ብቻ ግን አትዝለዪ። ማሻሻያ እንዲጸድቅ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የስቴቶች ሦስት አራተኛ ስምምነት ያስፈልጋል። በወቅቱ ስቴቶቹ 37 ስለነበሩ 28 ይበቃ ነበር። ኦሃዮና ኒው ጀርሲ ካጸደቁ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ የደቡብ ስቴቶች ደግሞ ማሻሻያውን ካላጸደቁ ወደ ኮንግረስ እንዳይመለሱ በ1867 በወጣ ሕግ ተወስኖባቸው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሱዋርድ ግራ በመጋባታቸው በሐምሌ 20 ቀን 1868 ያወጡት የመጀመሪያ መግለጫ «እንዲህ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነበር፤ ኮንግረስ በማግሥቱ ጸድቋል ብሎ ከወሰነ በኋላ ሐምሌ 28 ቀን የመጨረሻውን አወጡ። ነቃ ያለ ተማሪ ስቴቶቹ ተገድደው አይደለም ወይ ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው ብለሽ ይህን ታሪክ ንገሪው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የምታስተምሪው በሁለት ሰዎች ታሪክ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለቱም ቻይናውያን፣ ሁለቱም የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ «ዜጋ» ለሚለው ቃል፣ ሌላው «ሰው» ለሚለው ቃል ይቆማል።

የመጀመሪያው ዎንግ ኪም አርክ ነው። በ1873 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ሥራው ምግብ አብሳይነት ነበር። ወላጆቹ ቻይናውያን ስለነበሩ በዘመኑ ሕግ የአሜሪካ ዜግነት ሊሰጣቸው አይችልም ነበር። ወደ ቻይና ለጉብኝት ሄዶ በነሐሴ 1895 ሲመለስ፣ የጉምሩክ ሹሙ ዜጋ አይደለህም ብሎ እንዳይወርድ ከለከለው። በባሕር ወሽመጡ ላይ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው እየተዛወረ ለወራት ታገተ፤ የተወለደባት ከተማ ከፊቱ እየታየችው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 28 ቀን 1898 በ6 ለ2 ድምፅ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደለት። እንግዲህ ካወን የጠየቁት ጥያቄ ከ32 ዓመት በኋላ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ኮነስ የሰጡትን መልስ አገኘ።

«ለሥልጣኗም ተገዥ የሆኑ» የምትለው ሐረግ የምትጠየቂባት ቦታ ይህች ናት። የእኛን ማኅበረሰብ ምሳሌ አድርጊና አስረጂ። በዋሽንግተን ከተማ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውስጥ በዲፕሎማትነት የተመደበ ሰው እዚያው ልጅ ቢወልድ፣ ዲፕሎማቱ በአሜሪካ ሕግ የማይከሰስ ስለሆነ ልጁ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም። በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ሌሊት፣ ግሪን ካርድ ያለው የታክሲ ሹፌር ልጅ ቢወለድ ግን ዜጋ ነው። በወራሪ ጦር ሥር በተያዘ ምድር ከጠላት ወገን የሚወለዱ ልጆችም በፍርዱ ተለይተዋል። ከነባር ሕዝቦች ጎሣዎች የተወለዱት በ1884 በተሰጠ ፍርድ ከዜግነት ውጭ ቀርተው እስከ 1924ቱ ሕግ ድረስ ቆይተዋል፤ በዚያችው ምድር ከማንም ቀድመው የነበሩት መጨረሻ ላይ መምጣታቸው ዛሬም የሚያስተዛዝብ ነው። እግረ መንገድሽን፣ ይህ የትውልድ ቦታ መርሕ የዓለም ሁሉ ሕግ አለመሆኑን ንገሪያቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ዜግነትን የሚሰጠው ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ለሆኑ ነው፤ የሚያየው ደሙን እንጂ የተወለደበትን ሆስፒታል አይደለም።

ሁለተኛው ሰው በፍርድ መዝገብ ይክ ዎ ተብሎ የሚታወቀው የልብስ ማጠቢያ ባለቤት ነው፤ አሜሪካዊ ዜጋ አልነበረም። በ1880 ሳን ፍራንሲስኮ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ባልተሠራ ቤት ልብስ ማጠብ የሚፈልግ ሁሉ ከከተማው ቦርድ ፈቃድ ያውጣ የሚል ደንብ አወጣች። ከ320 ያህል ማጠቢያ ቤቶች 310ሩ የእንጨት ነበሩ። ከ200 በላይ ቻይናውያን አመለከቱ፤ ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ያህል ሰዎች አመለከቱ፤ ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ይክ ዎ በዚያ ሥራ 22 ዓመት የቆየ፣ የእሳት አደጋና የጤና ተቆጣጣሪዎች ማረጋገጫ የሰጡት ሰው ነበር፤ 10 ዶላር ቅጣት ባለመክፈሉ ታሰረ። በግንቦት 1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት ፈረደለት። ደንቡ ላይ «ቻይናዊ» የሚል ቃል የለም፤ አፈጻጸሙ ግን ዐይን ያወጣ አድልዎ ነው፤ አንቀጹም «ማንኛውም ሰው» ስለሚል የውጭ አገር ሰውንም ይጠብቃል አለ።

ይህን አትተርኪላቸው፤ ክፍሉ ይጫወተው። ለእያንዳንዱ ተማሪ «የእንጨት ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ አለኝ፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ስጪ። ከግማሾቹ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ በቀላሉ የማትታይ ነጥብ አስቀድመሽ አድርጊ፤ ማን እንደሚደርሰው በዕጣ ይሁን። ደንቡን ሰሌዳው ላይ ጻፊና አንቺ ቦርድ ሆነሽ ተቀመጪ። ነጥብ ያለባቸውን ሁሉ «አልተፈቀደም» ብለሽ መልሺ፣ ምክንያት አትስጪ። ጉርምርምታው ሲጀምር ደንቡን ጮክ ብለው እንዲያነቡና ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። ደንቡ ላይ አያገኙትም። አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ ነጥቧን እስኪያይ ድረስ ጠብቂ፤ ዝምታው ቢረዝም አትፍሪ፣ አትርጂያቸውም። ከዚያ የይክ ዎን ስም ጥሪ። ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል።

በምርምርሽ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፍርድ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታገኚው አጭር ማጠቃለያ ዳኞቹ የጻፉት አይደለም፤ ከእሱ ጠቅሰሽ «ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ» አትበዪ። ይክ ዎ ፍርዱን ባገኘበት በዚያው ቀን፣ ግንቦት 10 ቀን 1886፣ የአንድ የባቡር ኩባንያ የግብር ክርክርም ተወስኖ ነበር። ዋና ዳኛው ሞሪሰን ዌይት ኩባንያዎችም በ14ኛው ማሻሻያ ይጠበቃሉ፣ በዚህ ላይ ክርክር አንሰማም ብለው በቃል የተናገሩትን የፍርድ ቤቱ መዝጋቢ በማጠቃለያው ላይ አሰፈረው። ፍርዱ ውስጥ ጉዳዩ አልተወሰነም፤ የኋለኞቹ ፍርዶች ግን እንደተወሰነ አድርገው ጠቀሱት። «ሰው» የሚለው ቃል ኩባንያን እስከ ማቀፍ የሰፋበትን መንገድ ስታጠኚ ከዚህ ማጠቃለያ ጋር መገናኘትሽ አይቀርም።

በ1896 በባቡር፣ በ1954 በትምህርት ቤት ጥቁሮችን ከነጮች ስለ መለየት የተሰጡትን ፍርዶች ጓደኞችሽ ከዚህ በፊት ስለተማሯቸው በአንድ ነጥብ አስታውሻቸው፦ በ58 ዓመት ውስጥ ከአንቀጹ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ዳኞቹ «እኩል ጥበቃ» የሚለውን በተቃራኒው አነበቡት።

ከባድ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ተዘጋጂ። አንዱ «ወረቀት የሌለውስ?» የሚል ይሆናል። ቴክሳስ በ1975 የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች ትምህርት ገንዘብ አልሰጥም የሚል ሕግ አወጣች፤ የታይለር ከተማ ትምህርት ቤቶችም ከእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 1,000 ዶላር ጠየቁ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው። ተማሪዎች የሚያተኩሩት በ5 ለ4 ላይ ነው፤ አንቺ ግን የተቃወሙትን አራት ዳኞች ሐሳብም አንብቢ። እነርሱም ልጆቹ በአንቀጹ ውስጥ «ማንኛውም ሰው» በሚለው ይታቀፋሉ በሚለው አልተለዩም፤ የተለዩት ሕጉ ጥበቃውን ይጥሳል ወይስ አይጥስም በሚለው ላይ ነው።

ሌላው ጥያቄ የዛሬ ጉዳይ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥር 20 ቀን 2025 ያወጡት ትእዛዝ፣ እናት በሕገ ወጥ መንገድ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ በአገሩ ያለች ከሆነና አባትም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ፣ የሚወለደው ልጅ ዜጋ ተደርጎ እንዳይመዘገብ ያዝዛል። የበታች ፍርድ ቤቶች አገዱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 የሰጠው ውሳኔ ስለ እገዳው ስፋት እንጂ ስለ ዜግነቱ አልነበረም፤ በታኅሣሥ 2025 ግን ዋናውን ጥያቄ ለመስማት ተስማማ። ይህ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከማቅረብሽ በፊት ባለው ምሽት የደረሰበትን አረጋግጪ። በክፍሉ ውስጥ ጉዳዩ የቤቱ ጉዳይ የሆነ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ የማንንም ወላጅ ሁኔታ አትጠይቂ፣ የራስሽንም የመናገር ግዴታ የለብሽም። የሁለቱን ወገን ክርክር ከ«ተገዥ» ሐረግ ጋር አያይዘሽ አቅርቢ፣ ዎንግ ኪም አርክ ሲወለድ ወላጆቹ በሳን ፍራንሲስኮ ቋሚ ነዋሪ እንደነበሩ ጨምሪ፤ ክርክሩ የተሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነውና።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ፣ ሙሉውን ንግግር አትሸምድጂ። የመጀመሪያውን ክፍል ጽሑፍ ብቻ ጮክ ብለሽ እስኪለምድሽ አንብቢ፣ በተለይ «ተገዥ» የምንለውን ሐረግ፤ ምላስ ላይ የምትከብደው እሷ ናት። ሌላውን በራስሽ ቃል ተናገሪ። ከቤት ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለሽ በአማርኛ አንድ ጊዜ አስተምሪያቸውና ሰዓት ያዢ። ለክፍሉ የምትሰጪው ወረቀት ላይ ክቦቹን አስቀድመሽ አትሣዪ፤ ሁለት ሁለት እርሳስ አድዪና ራሳቸው ይክበቡ። ሁለተኛውን «ዜጋ» ከበው ሦስተኛውን ሲፈልጉ ታያቸዋለሽ፤ ያን ጊዜ «ለምን የለም?» ብለሽ ጠይቂና ትምህርትሽን ከዚያ ጀምሪ።